ከልጅነቴ ጀምሮ ፊቴ ላይ ያለውን ጠቃጠቆ ማደብዘዝ ይቻላል?

የባሶናዋ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ በባሶና ወራና ወረዳ የግብርና ልማት ሠራተኛ በመሆኔ አብዛኛው የሥራ ቀኔ የሚያልፈው ከገብስ ማሳ ወደ ባቄላ ማሳ በእግር በመዘዋወር ነው። መልኬ ቀይ ነው፤ ከአባቴ ወገን የመጣ ይመስለኛል፣ እኔም ወንድሞቼም ከልጅነታችን ጀምሮ አፍንጫችንና ጉንጫችን ላይ ከጤፍ ከፍ፣ ከምስር ዝቅ የሚል ቡናማ ጠቃጠቆ አለብን። የእነርሱ እስከ ዛሬ ፈዘዝ እንዳለ ነው፤ የእኔ ግን ሥራ ከያዝኩ ወዲህ እየጠቆረ መጥቷል። ባለፈው ዓመት ደግሞ ግንባሬ ላይና ከላይኛው ከንፈሬ በላይ፣ እንደ ጠቃጠቆው ነጠላ ነጠላ ያልሆነ፣ ሰፋ ብሎ የተያያዘ ጥቁረት ተጨመረብኝ።

የታላቅ እህቴ ሠርግ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ሚዜም ስለሆንኩ ከዚያ በፊት ፊቴን የሚያጠራ ነገር እየፈለግሁ ነው። አንዷ ጓደኛዬ ሎሚ በስኳር እንድቀባ መክራኛለች። ሌላዋ ደግሞ ከመዋቢያ ሱቅ የምታመጣውን፣ የተለያዩ ክሬሞች ተደባልቀው በአንድ ብልቃጥ የሚሸጡትን ቅባት እንድሞክር ትገፋፋኛለች፤ ብልቃጡ ላይ ግን አንድም ጽሑፍ የለም። አዲስ አበባ ሄጄ በሌዘር ላስነሣው የሚል ሐሳብም አለኝ። ከእነዚህ መካከል የሚሠራው የትኛው እንደሆነ፣ የሚጎዳውስ የትኛው እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል። እስካሁን የተቀባሁት ቫዝሊን ብቻ ነው።

ፋርማሲስት፣ ከሸዋ ሮቢት

እህቴ፣ ከጽሑፍዎ እንደምረዳው ፊትዎ ላይ ያለው ነገር አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ ይህን መለየት ደግሞ ከማንኛውም ክሬም ምርጫ ይቀድማል። በልጅነት የሚጀምርና በቤተሰብ የሚታይ ጠቃጠቆ በዘር የሚተላለፍ ነው፤ በይበልጥ የሚያያዘውም ኤምሲዋንአር ከሚባለው ዘረ መል ጋር ነው። ቆዳችን ውስጥ ሜላኖሳይት የሚባሉ ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ። ጠቃጠቆ ባለበት ቦታ ላይ የእነዚህ ሕዋሳት ቁጥር አልበዛም፤ ፀሐይ ሲያገኛቸው ግን በዙሪያቸው ካሉት የበለጠ ቀለም ያመርታሉ። ስለዚህ ጠቃጠቆ በሽታ አይደለም፤ ፀሐይ ሲበዛበት ይጠቁራል፣ ሲቀንስለት ይፈዛል። የወንድሞችዎ ፈዝዞ የእርስዎ የጠቆረው ማሳ ላይ ስለሚውሉ ይመስለኛል።

ግንባርዎና ከከንፈርዎ በላይ የመጣው የተያያዘ ጥቁረት ግን ማዲያት ይመስላል። ማዲያትን ከፀሐይ በተጨማሪ ሆርሞንም ስለሚያመጣው በእርግዝና ጊዜና የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል በሚወስዱ ሴቶች ላይ በብዛት ይታያል። በእርግዝና የመጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል። እርስዎ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ቢገልጹልን መልሱ ሊለወጥ ይችላል።

አሁን ወደ ብልቃጡ ልምጣ፤ ከጠየቁት ሁሉ የሚያሳስበኝ እርሱ ነውና። ጽሑፍ የሌለው የማጥሪያ ቅባት ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱ ወይም ሁለቱ ይገኛሉ። የመጀመሪያው እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ (የቆዳ ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት) ነው። ሐኪም ለእጅና ለእግር ቁጣ ለአጭር ጊዜ የሚያዘውን መድኃኒት ፊት ላይ ለወራት መቀባት ቆዳን ያሳሳል፣ የደም ሥሮችን ያወጣል፣ ብጉርና ፀጉር ያበቅላል፤ ሲተዉት ደግሞ ፊት ቀልቶ ስለሚቃጠል ተጠቃሚዋ ተመልሳ እርሱኑ ለመግዛት ትገደዳለች። መጀመሪያ ላይ ፊትን በፍጥነት ማጥራቱ ነው ሰውን የሚያታልለው። ሁለተኛው የቆዳን ቀለም መመረት የሚቀንሰው ሃይድሮኪኖን ነው። ይህ በራሱ መጥፎ መድኃኒት አይደለም፤ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ እስከ 4 በመቶ በሚደርስ መጠን፣ ማታ ማታ ብቻ፣ ለጥቂት ወራት ያዙታል፣ ከዚያም ያስቆሙታል። መጠኑ ሳይታወቅ ለዓመታት ሲቀባ ግን ኦክሮኖሲስ የሚባል ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ያመጣል፤ ይህም በየትኛውም ሕክምና በቀላሉ የማይለቅ ነው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ሃይድሮኪኖንን ከመዋቢያ ምርቶች ያገደችው ይህ ጉዳት በሕዝቧ ላይ ተስፋፍቶ ስለታየ ነው።

ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው፤ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ ከእናት ፊትና እጅ ወደ ሕፃን ይሸጋገራል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ ያለባቸውን የቆዳ ማንጫ ቅባቶች ከገበያ ለማስወጣት ቢደነግግም ዛሬም ይሸጣሉ። ጽሑፍ ያለው ዕቃ ከሆነ «ካሎሜል» የሚል ቃል ወይም «ከወርቅና ከብር ጌጥ ጋር አይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካዩበት ሜርኩሪ መሆኑን ይጠርጥሩ። ጽሑፍ የሌለው ከሆነ ግን ምን እንዳለበት በዓይን መለየት ለእኔም አይቻለኝም።

ቫዝሊኑ ጉዳት የለውም፤ የቆዳን ድርቀት ይከላከላል፣ ፀሐይን ግን አይከላከልም።

እማማ፣ ከመንዲዳ

ልጄ፣ እኔ ጠቃጠቆዬን ይዤ ተድሬአለሁ፣ ወልጄም ስሜአለሁ። በወጣትነቴ የአገሩ ሰው «ጠቃጠቆዋ» እያለ ሲጠራኝ አንድም ቀን ተከፍቼ አላውቅም፤ ከዕድሜዬ ጋርም በራሱ እየደበዘዘ ሄዶ አሁን ፈልጎ የሚያገኘው የለም። በእኛ ጊዜ ግፋ ቢል ሎሚና ማር ነበር የምንቀባው። እንግዲህ ፊትሽን በማታውቂው ነገር ከምታስለበልቢው ብትተዪው ምን ይልሻል? ያ የግንባርሽ ግን ሌላ ነው፤ እርሱን አሳዪ።

የቆዳ ክፍል ነርስ

እማማ፣ ጠቃጠቆ ከዕድሜ ጋር ይፈዛል ያሉት እውነት ነው፤ እህታችንም ብትተወው ጤናዋ ላይ የሚደርስ ነገር የለም። በሎሚው ግን አልስማማም፤ የሚታዘዘው በብዛት ስለሆነም ጠለቅ ብዬ ልናገርበት።

ሎሚ እጅግ አሲዳማ ነው፤ ፒኤች የሚባለው የአሲድነት መለኪያ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ የበረታ መሆኑን ያሳያል፤ የሎሚው 2 ገደማ ሲሆን የጤነኛ ቆዳ ግን 5 ገደማ ነው። ከዚህ የሚብሰው፣ በእኛ ገበያ የሚገኘው ትንሹና አረንጓዴው ሎሚ፣ በተለይም ልጣጩ፣ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ያሉት መሆኑ ነው። እነዚህ ቆዳ ላይ እያሉ ፀሐይ ሲያገኛቸው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ቆዳው ይቀላል፣ አንዳንዴም ውኃ ይቋጥራል፤ ሲድን ደግሞ ለሳምንታት ወይም ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ማታ ቀብቶ ጠዋት ታጥቦ የወጣ ሰው ላይደርስበት ይችላል፤ ቀባ አድርጎ ማሳ የሚወርድ ሰው ግን ጠቃጠቆ አጠፋ ብሎ በላዩ ሌላ ጥቁረት ይጨምራል። ስኳሩም ቢሆን ቆዳን መፈተግ ነው። የሐበሻ ቆዳ ሲፋቅ ወይም ሲቆጣ ጠቁሮ መዳን ልማዱ ስለሆነ፣ በስኳርም ሆነ በጨው ወይም በሻካራ ጨርቅ ፊትን መፈተግ ለማዲያት የተከለከለ ነው ብዬ ለታካሚዎች እናገራለሁ። ማር ፊትን ያለሰልሳል፣ አይጎዳምም፣ ጠቃጠቆ ግን አያነሣም። እሬትም እንዲሁ። እርድ ደግሞ ቆዳን ቢጫ ስለሚያደርግ ለጥቂት ሰዓት የጠራ ያስመስላል።

የባሶናዋ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ እማማ፣ ምክርዎን በአክብሮት ተቀብያለሁ። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል እወስዳለሁ፤ መውሰድ የጀመርኩትም ግንባሬ ከመጥቆሩ በፊት ነው፤ ሁለቱ ይገናኛሉ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ብልቃጡን ትቼዋለሁ።

ያልገባኝ ነገር ቢኖር የፀሐዩ ጉዳይ ነው። ደብረ ብርሃን ብርድ አገር ነው፤ ጠዋት ውርጭ ረግጠን እንወጣለን፣ ቀኑን ሙሉ ነፋስ ነው። ሸዋ ሮቢት ያሉ ዘመዶቼ በዚያ ሁሉ ሙቀት ውስጥ እየዋሉ ፊታቸው የጠራ ነው። እኔ ደግሞ ነጠላዬን ሳልከናነብ አልወጣም። ታዲያ የእኔን ፊት ፀሐይ አጠቆረው ማለት እንዴት ይሆናል?

ጠቅላላ ሐኪም፣ ደብረ ብርሃን

ይህን ጥያቄ በማንሣትዎ ደስ ብሎኛል፤ በአካባቢያችን ማዲያት ለምን እንደሚያስቸግር የሚያስረዳው እርሱ ነውና። ቆዳን የሚያሞቀውና ቆዳን የሚያጠቁረው የፀሐይ ጨረር አንድ አይደለም። የሚያጠቁረው በይበልጥ አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር ሲሆን፣ ይህ ለዓይን አይታይም፣ በቆዳም ሙቀቱ አይሰማም። ከባሕር ጠለል በላይ ከፍ በተባለ ቁጥር ጨረሩን የሚያጣራው አየር ስለሚሳሳ፣ በየ1000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ ሰማዩ እኩል በጠራበት ቀን ብርድ ብርድ እያለዎት የሚያገኝዎት ጨረር ዘመዶችዎ በላብ ተጠምቀው ከሚያገኙት ይበልጣል። እነርሱ ሙቀቱ ራሱ ጥላ ፈልጉ ይላቸዋል፤ እኛ ግን ብርዱን ለመሸሽ ወደ ፀሐይ ወጥተን እንቀመጣለን። መንዝ፣ አንኮበርና ጣርማ በር ያለውም ሰው ከዚህ የተለየ ዕድል የለውም።

በሌላ በኩል፣ ከምድር ወገብ ርቀው በሚገኙ አገሮች ጠቃጠቆ በክረምታቸው በራሱ ይፈዛል፤ ፀሐያቸው ለወራት ስለምትዳከም ነው። እኛ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ10 ዲግሪ በታች ርቀት ላይ ስለምንገኝ ዓመቱን ሙሉ እፎይ የምንልበት ወቅት የለንም። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናታችን ቀጥ ብላ የምትቆመው በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንታትና እንደገና በነሐሴ ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው፤ የነሐሴው በደመና ስለሚሸፈን ማንም ልብ አይለውም፣ ስስ ደመና ግን አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። የሚያዝያው እህትዎ ከምትዳርበት ሰሞን ጋር ይገጥማል፤ ድንኳን ውስጥ መዋልዎ በጀ።

ስለ ነጠላው ደግሞ ይህን ያድርጉ። ነጠላዎን ወደ ብርሃን አንሥተው ይመልከቱ፤ ብርሃኑ በድሩ መካከል ካለፈ ጨረሩም ያልፋል። ደርበው ቢያጥፉት ይሻላል፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን ዙሪያውን ቢያንስ 7 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክፈፍ ያለው፣ ነፋሱ እንዳይወስደው ከአገጭ ሥር የሚታሰር ባርኔጣ ነው። ጨረሩ የሚበረታው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ነው፤ ሰዓት መቁጠር ካልተመቸዎት ጥላዎ ከቁመትዎ ባጠረበት ጊዜ ሁሉ ፀሐይዋ ብርቱ ናት ብለው ይያዙት። የማሳ ጉብኝትዎን ወደ ጠዋት ማምጣት ከቻሉ ብዙ ነገር ይቀላል፤ ካልቻሉም ሥራ ነውና ይሸፈኑ።

የፀሐይ መከላከያ ክሬም ሲገዙ ኤስፒኤፍ የሚባለው የመከላከል አቅም መለኪያው 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነና ሁለቱንም የአልትራቫዮሌት ዓይነቶች (ኤ እና ቢ የሚባሉትን) የሚከላከል ይምረጡ። በ30ና በ50 መካከል ያለው ልዩነት ሰው እንደሚያስበው አይደለም፤ በአግባቡ ከተቀባ የመጀመሪያው 97 በመቶ፣ ሁለተኛው 98 በመቶ ገደማ ያግዳል። ልዩነት የሚያመጣው የሚቀባው መጠን ነው። ብዙ ሰው ጥቂት ነክቶ ያሻሸዋል፤ ለፊትና ለአንገት ግን በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ርዝመት ልክ የተዘረጋ ክሬም ያስፈልጋል፣ ውጭ የሚውል ሰውም በየሁለት ሰዓቱ ይደግመዋል። ለማዲያት የቆዳ ቀለም ያለው ክሬም ይመረጣል። በውስጡ ያለው አይረን ኦክሳይድ፣ ተራው ክሬም የማያግደውን፣ ማዲያትን የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃን ጭምር ስለሚከላከል ነው፤ በዚያ ላይ ፊትን አመድ አያስመስልም።

እንክብሉን በተመለከተ፣ በራስዎ ውሳኔ አያቁሙት፤ ያልታሰበ እርግዝና ማዲያቱን ይብስ ያጠቁረዋል። መድኃኒቱን የሰጠዎትን ባለሙያ ያነጋግሩና እንደ ሉፕ ያለ ሆርሞን የሌለው ዘዴ ይስማማዎት እንደሆነ ይመካከሩ፤ ሉፕ ሲባል ግን ሆርሞን ያለውም ዓይነት ስላለ የመዳብ የሆነውን መሆኑን ይጠይቁ።

ሜካፕ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን

ለሠርጉ ቀን መጨነቅ አያስፈልግም። ቡናማ ነጠብጣብ በቀይ ፊት ላይ በመጀመሪያ ወደ ብርቱካን በሚያደላ ማስተካከያ ከተነካ በኋላ በቆዳው ቀለም ፋውንዴሽን ይሸፈናል፤ ፎቶ ላይ ፈጽሞ አይታይም። ከሠርጉ በፊት ባለው ሳምንት አዲስ ክሬም አለመጀመር ብቻ ነው፤ የተላጠ ፊት ላይ የትኛውም ሜካፕ አይቀመጥም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ጠቃጠቆውን እንዲታይ መተው ያምርባታል፤ ግንባሯን ብቻ እሸፍንላት ነበር።

የባሶናዋ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠቃጠቆውንስ እሺ፤ ማዲያቱን በሕክምና ማንሣት ከፈለግሁ በክሬም ልጀምር ወይስ ሌዘሩ ይሻለኛል? በበረዶ የሚያቃጥሉ አሉ የሚባለውስ?

ጠቅላላ ሐኪም፣ ደብረ ብርሃን

በክሬም ይጀመራል፤ ሌዘር የመጨረሻው ነው። በእኔ ግምት ለእርስዎ የሚስማማው አዜላይክ አሲድ ነው፤ ከ15 እስከ 20 በመቶ ባለው መጠን የሚገኝ ሲሆን እርግዝና ቢያጋጥም እንኳ የማያሰጋ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ያሳክካል። ትሬቲኖይን የሚባለውም ጥቁረትን ያፈዛል፤ ማታ ብቻ፣ የአተር ፍሬ በሚያህል መጠን ለመላው ፊት ይቀባል፤ ለነፍሰ ጡርና ልታረግዝ ላሰበች ሴት ግን አይሰጥም። ሃይድሮኪኖን፣ ትሬቲኖይንና ቀላል ስቴሮይድ በአንድ ላይ ያሉበት የታወቀ ክሬምም አለ፤ በተግባር ለማዲያት ከሁሉም የበለጠ የሚሠራው እርሱ ነው፣ ሆኖም በሐኪም ክትትል ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የትኛውም ቢሆን በሁለት ሳምንት ውጤት አያሳይም፤ ለመፍረድ ሁለትና ሦስት ወር ይጠብቁ። ፀሐዩ ካልተከለከለ ደግሞ የተገኘው ሁሉ ይመለሳል፤ ማዲያት የተመለሰባቸውን ታካሚዎች ስጠይቅ ክሬሙን በትጋት ይቀባሉ፣ ባርኔጣ ግን የላቸውም።

ሌዘር ነጭ ቆዳ ላይ ጠቃጠቆን በደንብ ያነሣል። በእኛ ቆዳ ላይ ግን ጨረሩ የጠቃጠቆውን ቀለም ከቆዳው ቀለም መለየት ስለሚቸግረው ቃጠሎ፣ አዲስ ጥቁረት ወይም ነጭ ነጥብ ሊተው ይችላል፤ ማዲያትን ደግሞ አንዳንዴ ያነሣሣዋል። ለጠቆረ ቆዳ የሚሻል፣ የጨረሩ የሞገድ ርዝመት 1064 ናኖ ሜትር የሆነ የሌዘር መሣሪያ አለ፤ የሚያስፈልግ ከሆነም በቆዳ ስፔሻሊስት እጅ፣ መጀመሪያ በትንሽ ቦታ ተሞክሮ መሆን አለበት። በበረዶ ወይም በናይትሮጅን ማቃጠሉን ለፊትዎ አልመክርም፤ ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት ቅዝቃዜን ከሌሎቹ ሕዋሳት ያነሰ ስለሚቋቋሙ ቦታው ነጭ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህም የሚመለከተው ሌሎች አንባቢዎችን ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ፊቱ በጠቃጠቆ ከተሞላና ብርሃን መቋቋም ካቃተው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው፤ ቆዳን ለካንሰር የሚያጋልጥ በዘር የሚመጣ ሕመም ሊሆን ይችላል። በአዋቂ ላይ ደግሞ አንዱ ነጥብ ብቻውን እየሰፋ ከሄደ፣ ጠርዙ ከተዛባ፣ ቀለሙ ከተቀላቀለ ወይም ከደማ ይታይ። በጥቁር ሕዝብ ላይ አደገኛው የቆዳ ካንሰር በብዛት የሚወጣው ፊት ላይ ሳይሆን በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር ነው፤ ቦብ ማርሌይ እ.ኤ.አ. በ1981 የሞተው በእግር ጣቱ ጥፍር ሥር በጀመረ እንዲህ ያለ ካንሰር ነው።

ፋርማሲስት፣ ከሸዋ ሮቢት

ሐኪሙ ያሉት ላይ የምጨምረው ጥቂት ነው። በመጀመሪያ እዚያው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይታዩ፤ ካስፈለገ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ወደሚገኘው አለርት ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍልዎታል፤ በቆዳ ሕክምና የቆየ ልምድ ያለው እርሱ ነው። ሲሄዱ የእንክብሉን ማሸጊያና ፊትዎን የተቀቡትን ሁሉ፣ ቫዝሊኑንም ጭምር፣ ከነዕቃው ይያዙ፤ «ነጭ ክሬም ነበር» የሚል መልስ ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም። ሃይድሮኪኖን ያለበት ክሬም ከታዘዘልዎትና ከተከፈተ በኋላ ቀለሙ ወደ ጥቁር ቡናማ ከተለወጠ በአየር ተበላሽቷልና አይቀቡት፤ ሲገዙም ክዳኑ ያልተነካ፣ የማብቂያ ጊዜው የተጻፈበት መሆኑን አይተው ይግዙ።